ባለቀለም መስተዋትና የጣና ሥዕሎች

ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት በባሕር ዳር ገበያ የሚያልፍ ሰው፣ ነጋዴዎች በሸቀጣቸው ላይ የሚዘረጉትን ሸራና ላስቲክ ልብ ብሎ ቢያይ፣ ከብርቱካናማው ላስቲክ ሥር የተደረደረው ቲማቲም ገና ያልቀላው ሳይቀር የበሰለ መስሎ ሲታየው፣ ከሰማያዊው ሸራ ሥር የተቀመጠው ግን በሚገባ በስሎ ሳለ የጠቆረና የሰነበተ ይመስለዋል፤ ቲማቲሙም ምናልባት ከአንድ ማሳ ተለቅሞ በአንድ ሣጥን የመጣ ነው። ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ ጠንቅቀው የሚያውቁት የሐበሻ ልብስ የሚገዙ ሴቶች ናቸው። በሱቁ ውስጥ የበራው አምፖል ምንም ያህል ቢደምቅ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ጥለቱን ወደ በር አውጥተህ አሳየኝ» ሳይሉ ዋጋ አይቈርጡም፤ ነጋዴውም ይህን ልማድ ስለሚያውቀው፣ «ምን ገዶኝ እትዬ፣ ፀሐይ ላይ ይዩት» ብሎ ነጠላውን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ደጅ ይወጣል።

ሕዝባችን እንዲህ በጨርቅ ግዢ ጊዜ የሚጠነቀቅለትን ነገር በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ፊት ሲቆም የሚረሳው ስለ ምን እንደ ሆነ ሳስብ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት። በጣና ዙሪያ ባሉ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለቤተ መቅደሱ ጌጥ ይሆናል በሚል በጎ አሳብ፣ ቢጫና አረንጓዴ መስተዋት በመስኮት ሲገጠም፣ ብርሃን አሳላፊ የሆነ ባለቀለም ቆርቆሮ በጣሪያ ሲገባ፣ በክብረ በዓልም ቀን ቀይና ሰማያዊ መብራት በሥዕሎቹ ፊት ሲንጠለጠል ይታያል። እኔ ይህ ልማድ ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የተመሠረተው በውበት ላይ ባለኝ ምርጫ ሳይሆን በብርሃን ባሕርይ ላይ ነው።

ባለቀለም መስተዋት በውስጡ ለሚያልፈው ብርሃን አንዳች ቀለም አይጨምርለትም፤ ይቀንስበታል እንጂ። የፀሐይ ብርሃን ለዐይናችን ነጭ መስሎ ይታይ እንጂ፣ ከሐምራዊ ጀምሮ እስከ ቀይ ያሉት ኅብረ ቀለማት ሁሉ በአንድነት የተዋሐዱበት ነው፤ የሞገዳቸውም ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንዱ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። ቀይ መስተዋት ከነዚህ መካከል ቀዩን አሳልፎ ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጣል፤ የዋጠውንም ብርሃን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ከመስተዋቱ ወዲህ ለእኛ የሚደርሰው ቀይ ብርሃን መስተዋቱ የፈጠረው ሳይሆን፣ አስቀድሞም በፀሐይዋ ብርሃን ውስጥ የነበረ፣ አሁን ግን ባልንጀሮቹ ተወስደውበት ብቻውን የቀረ ነው። ቀይና አረንጓዴ መስተዋት አነባብሮ ወደ ብርሃን የተመለከተ ሰው የሚያየው ጨለማ ለማለት ጥቂት የሚቀረውን ነው፤ አንዱ የተወለትን ሌላው ይወስድበታልና። ቀይና አረንጓዴ መብራት በአንድ ነጭ ግድግዳ ላይ በአንድነት ቢያርፉ ግን ቢጫ ይሆናሉ፤ በዚህ መደመር አለ፣ በዚያ ግን መቀነስ።

እንግሊዛዊው ሊቅ ይስሐቅ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው ኦፕቲክስ በተባለ መጽሐፉ፣ ሲናባር የሚባለውን ቀይ ማዕድን በአንድ ወጥ ቀይ ብርሃን ሲያዩት እጅግ እንደሚያበራ፣ በአረንጓዴ ብርሃን እንደሚደበዝዝ፣ በሰማያዊ ደግሞ ከዚያም ይልቅ እንደሚፈዝ ገልጾአል። ይህ ማዕድን በጥንታውያን የኢትዮጵያ ሥዕሎችና ብራናዎች ላይ ከተገኙት ቀይ ቀለማት አንዱ ስለ ሆነ፣ የኒውተን ነገር ከእኛ ጉዳይ የራቀ አይደለም። አንድ አካል ቀይ ሆኖ የሚታየው፣ ከደረሰበት ብርሃን ቀዩን መልሶ ሌላውን በራሱ ስለሚያስቀር ነው፤ ቀይ ብርሃን ጨርሶ ካልደረሰው ግን የሚመልሰው ስለሌለው ይጠቁራል። ቀለም በሥዕሉ ብቻ ወይም በብርሃኑ ብቻ የሚኖር ሳይሆን በሁለቱ መካከል የሚፈጸም ነገር ነው ማለት ነው።

የጣና ሐይቅ ራሱ ለዚህ ሕግ ሰፊ ምሳሌ ነው። ንጹሕ ውኃ አስቀድሞ የሚውጠው ቀዩን ብርሃን ስለ ሆነ፣ ጥልቅና ጥርት ያለ ባሕር ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ጣና ግን ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሐይቅ ሲሆን፣ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ከደጋው አጥበው የሚያወርዱት አፈር ስለሚገባበት፣ ጭቃውና በውኃው የሟሟው የዕፀዋት ትራፊ ተባብረው ከቀዩ በፊት ሰማያዊውን ይወስዱበታል፤ ቡናማ መልኩም ከዚህ የመጣ ነው። የውኃን ጥራት ለመመርመር ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ እያወረዱ ከዐይን እስኪሰወር ድረስ መለካትን ያስለመደው አንጀሎ ሴኪ የተባለ የሮም ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ሲሆን፣ ይህንም የፈተነው እ.ኤ.አ. በ1865 በፖፑ መርከብ ላይ ሆኖ ነበር። ያንን ሰሌዳ በክረምት ወንዞቹ በሚገቡበት አጠገብ ወደ ጣና ቢያወርዱት አንድ ሜትር ሳይሞላ ይሰወራል። ብርሃኑ እንዲህ ከላይ ሲቀር፣ የዓሣው ምግብ መሠረት የሆኑት ጥቃቅን አረንጓዴ ዕፀዋት የሚኖሩበት የብርሃን ክፍል ይጠባል። እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረምም በበኩሉ ቀዩንና ሰማያዊውን ለራሱ ምግብ አድርጎ የማይፈልገውን አረንጓዴ ወደ እኛ ይመልሳል፤ ለምለም መስሎ የሚያስደስተን መልኩ ትራፊው ነው፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ግን ይጨልማል። የጭቃው መድኃኒት ወንዞቹ በሚነሡባቸው ተራሮች ላይ አፈሩን ማስቀረት ስለ ሆነ ራሱን የቻለ ብዙ ጽሑፍ ይሻል፤ እኔ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ።

ከሥዕሉ በፊት ስለ ብራናው አንድ ነገር መናገር ይገባል። የቀደሙት ጸሐፍት ቀለም ሲበጠብጡ ጥቁሩንና ቀዩን ለየብቻ አዘጋጅተው፣ የእግዚአብሔርን ስም፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ የምዕራፉንም መነሻ በቀይ ይጽፉ እንደ ነበር፣ መጽሐፍ በተገለጠበት ቦታ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን አንባቢው፣ ተማሪዎች ለደብተር ሽፋን የሚያደርጉትን ብርሃን አሳላፊ ቀይ ፕላስቲክ ወስዶ፣ ተአምረ ማርያም ወይም ስንክሳር በተገለጠበት ገጽ ፊት በዐይኑ ላይ ቢጋርድ እንግዳ ነገር ያያል። ብራናው ቀልቶ ይታያል፤ ጥቁሩ ፊደል እንደ ነበረ ጥቁር ሆኖ ይቆማል፤ በቀይ የተጻፈው የእመቤታችን ስም ግን ከገጹ ይጠፋል። ምክንያቱም ነጩ ብራናና ቀዩ ቀለም ቀዩን ብርሃን እኩል ስለሚመልሱ፣ የሚለያቸው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ከተወሰደ በኋላ ዐይን የሚለይበት ነገር አያገኝም። ንባቡ በየመስመሩ ባዶ ስፍራ እየተወ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ያከበረው ስም ሁሉ የቀረበት መጽሐፍ ይሆናል። በቀዩ ፈንታ አረንጓዴ ፕላስቲክ ቢጋርድ ደግሞ ስሞቹ ሁሉ ጠቁረው ከሌላው ቃል ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ ሳይጠፉ ማዕረጋቸው ይጠፋል። በሁለቱም ጊዜ በብራናው ላይ አንዲት ነጥብ አልተነካችም።

ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ደሴቶች ያሉትን ብራናዎች በፊልም ሲያነሣ፣ ከ1973 ጀምሮም የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት በሺሕ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ሲያስነሣ፣ ለሊቃውንት የዋለው ውለታ በቃል የሚመዘን አይደለም። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ የሆነው ማይክሮፊልም ቀዩን በግራጫ ስለሚተካው፣ ፊልሙን ብቻ ይዞ የሚያነብ ተመራማሪ የትኛው ቃል በቀይ እንደ ተጻፈ ለመለየት የቀለሙን መፍዘዝ እያየ መገመት ግድ ይሆንበታል። ማጣሪያ ሁልጊዜ መስተዋት ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በቡናው ደን ውስጥ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ፣ አሠራራቸው ክብ ሆኖ ከቅኔ ማኅሌቱ ወደ ቅድስቱ፣ ከቅድስቱም ወደ መቅደሱ የሚያስገቡ ናቸው። ሥዕሎቹ የሚገኙት በመካከል በቆመው በመቅደሱ አራት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው የሣለው በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁም በግድግዳው ላይ ተለጥፎአል። በረጃጅሞቹ የእንጨት መዝጊያዎች ላይ ሊቃነ መላእክት ሰይፋቸውን መዝዘው ቆመዋል። ብርሃን የሚመጣላቸው በውጭው በሮችና መስኮቶች በኩል ዞሮ፣ በወለሉና በግድግዳው ላይ ነጥሮ ለስልሶ ሲሆን፣ መጋረጃውም የሚገለጠው ለጸሎት ወይም ለሚያይ እንግዳ ነው። አበው ይህን ያደረጉት ስለ ቅድስና ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ሥርዓቱ ለቀለሙም ጠባቂ ሆኖ ኖሮአል። የጧፍ ብርሃን ወደ ቢጫ ያዘነበለ፣ ሰማያዊው ያነሰበት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አነሰ እንጂ ጨርሶ የጎደለው ኅብረ ቀለም የለም፤ ዐይንም ያንን ጉድለት በቀላሉ ያቃናዋል።

በሐይቁ ዳር ባለች፣ ስሟን መጥራት በማያስፈልገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ በጎ አድራጊ ባስገጠሙት ብጫ መስተዋት ሥር ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለውን የእመቤታችንን ሥዕል ቆሜ አይቻለሁ። እመቤታችን እንደ ሥርዓቱ ከውስጥ ቀይ ለብሳ ከላይ ሰማያዊ ተጐናጽፋለች፤ ብጫው መስተዋት ግን ሰማያዊውን ብርሃን ስለወሰደው መጐናጸፊያዋ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ በመጐናጸፊያው ላይ ሠዓሊው እየደራረበ ያሳመረው የጨርቁ እጥፋት ሁሉ ጠፍቶ፣ በዙሪያዋ ያለው ብጫ መደብም ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሆኖአል። በአጠገቤ የነበሩትን ቄሰ ገበዝ፣ «አባ፣ መጐናጸፊያዋ ጥቁር ነውን?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ሰማያዊ ነው እንጂ! ምን ነካህ?» አሉኝ፤ ደግሞም ከልባቸው ነበር። ወዲያው የምዕራቡን በር ገፋ ሲያደርጉት የከሰዓቱ ብርሃን ገባና መጐናጸፊያው ከነእጥፋቱ ሰማያዊ ሆኖ ተገለጠ።

አባ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። የሰው ዐይን በአንድ ቀለም ባዘነበለ ብርሃን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ፣ ያንን ብርሃን እንደ ነጭ እየቈጠረ ሌላውን ሁሉ በእርሱ መጠን ያቃናል፤ የሚያውቀውንም ነገር ቀለም ትዝታው ያሟላለታል። ይህ ጸጋ በማለዳውና በምሽቱ ብርሃን መካከል እንጀራውን እንጀራ፣ በጉንም በግ አድርገን እንድናይ የሚረዳን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ጉዳት አለው። በየዕለቱ በባለቀለሙ ብርሃን ውስጥ የሚያገለግለው ካህን፣ ሥዕሉን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀውና የሚወደው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ለውጡን የሚያየው ግን ከሁሉ በኋላ ነው። ዐይን ሊያቃና የሚችለውም የተዛባውን እንጂ ጨርሶ የተወሰደውን አይደለም፤ በመጐናጸፊያው እጥፋት መካከል የነበረው የሰማያዊ ደረጃ ወደ ዐይን ካልደረሰ፣ ልምድ ከየትም አያመጣውም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ የሚያነሣው ክርክር ይታየኛል። ባለቀለም መስተዋት ራሱ ጥበብ አይደለምን? አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስተዋት ሥዕል ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ ዛሬ የአህጉሩ መመኪያ አይደለምን? የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶችስ? በእውነት ናቸው። በዚያ ግን ሥዕሉ መስተዋቱ ነው፤ ሠዓሊው ከብርሃኑ የትኛውን ወስዶ የትኛውን እንደሚያሳልፍ በየቁራጩ መርጦ የሠራው ስለ ሆነ፣ የሚወሰደው ብርሃን የጥበቡ ክፍል ነው፤ ከበስተጀርባውም የሚጐዳ ሌላ ሥዕል የለም። የጣናው ሠዓሊ ደግሞ ቀለሙን የመረጠው በበር በኩል ለሚገባ የፀሐይ ብርሃን ነው። ሁለተኛው ጥበብ በፊተኛው ላይ ሲጫን ሁለቱም ይከስራሉ፤ በመስኮቱ ላይ ያለውን መስተዋት ያየው የለም፣ በግድግዳው ያለውም አይታይም። አዲስ ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን መስተዋቱን ጥሩ ሠዓሊ ቢሠራው እኔም ከሚደሰቱት አንዱ ነኝ።

ስለ ማጣሪያ ስንናገር፣ ለሥዕል የሚጠቅመውን አንዱን ማጣሪያ ሳንጠቅስ አንለፍ። ከሐምራዊው ወዲያ ዐይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለ፤ ይህ ጨረር ለማየት አንዳች ሳይረዳ የቀለምንና የጨርቅን ውሕደት እየበጣጠሰ ያደበዝዛል፤ እርሱን ብቻ የሚያስቀር፣ ለዐይን ግን ጥርት ብሎ የሚታይ ልባስ በመስተዋት ላይ ይለጠፋል። ይህም ሆኖ የሚታየው ብርሃን ራሱ ሲበዛ ያደክማል፤ የቤተ መዘክር ሰዎች ለሥዕል 200 ሉክስ፣ ለጨርቅና ለብራና 50 ሉክስ ያህል በቂ ነው ሲሉ፣ የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ይደርሳል።  

እንግዲህ ምን ይደረግ? የመብራት ነገር ከመስተዋቱ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ምክንያቱም ነጭ ሆኖ የሚታይ መብራት ሁሉ ሙሉ አይደለም። በዛሬ ጊዜ በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ የኤልኢዲ አምፖል፣ ከሰማያዊ ብርሃን ሰጪ ቅንጣትና በላዩ ከተቀባ ብጫ ዱቄት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ርካሹ ዓይነት ከደማቁ ቀይ ብዙ ይጎድለዋል። በአንዳንዶቹ ካርቶን ላይ የቀለም ታማኝነት መለኪያ ቁጥር ይጻፋል፤ የፀሐይዋ 100 ሲሆን፣ ለቤት የሚሸጠው 80 ገደማ ነው፤ ለሥዕል ከ90 በላይ ያለውን መፈለግ ያሻል። ዋጋው ጥቂት ይበልጣል እንጂ የማይቻል አይደለም።

የየደብሩ ሰበካ ጉባኤ ስጦታ ሲቀበል በዚህ ጉዳይ እንዲመክርበት፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራንም ብርሃን የሚለኩበትን መሣሪያ ይዘው ከተማሪዎቻቸው ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ እንዲሻገሩ እጠይቃለሁ፤ ለተማሪዎቹ ከዚህ የተሻለ የሥነ ብርሃን ትምህርት የሚገኝ አይመስለኝም። መሣሪያ በሌለበት ግን ቄሰ ገበዙ የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። አዲሱ መብራት ከመሰቀሉ ወይም መስተዋቱ ከመገጠሙ በፊት፣ በቀይና በጥቁር የተጻፈ፣ ሰማያዊ ያለበት ሥዕልም የተሣለበት አንድ ብራና በዚያው ብርሃን ሥር ገልጠው፣ ከዚያም ወደ በር አውጥተው ያስተያዩት፤ የቅዱሳኑ ስም በእኩል ቀልቶ፣ ሰማያዊውም ሳይጠቁር፣ በውስጥም በደጅም አንድ ሆኖ ከታያቸው ብርሃኑ ለሥዕሉም ይሆናል፤ ካልሆነ ስጦታውን በምስጋና መልሰው፣ በጎ አድራጊው በዚያው ገንዘብ ጥርት ያለ መስተዋትና ጠንካራ የእንጨት መዝጊያ ቢሰጧቸው እንደሚመርጡ ቢነግሯቸው፣ ይቀየማሉ ብዬ አላስብም።